በቤት አኳሪየም ውስጥ የኮራል ተባይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ከጮኸ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከጓደኞቼ አንዱ የአኳሪየሙን መብራት አጥፍቶ በባትሪ ሲያይ ኮራሉ ላይ አንድ ነገር ሲሄድ አይቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ቪዲዮው ይመጣል፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ይከተላል። እዚህ ሜሪላንድ ኮራል የምናሳድግ ጥቂት ሐበሾች አለን፤ አንዳችን የደረሰበትን ሌላው ላይ እንዳይደርስ እንነጋገራለን። ከታች ያሉት ከሁሉም የበለጠ የሚደጋገሙት ጥያቄዎች ናቸው። የእንስሳቱን ስም እንደ እንግሊዝኛው አጠራር ትቼዋለሁ፤ ሱቅ ስትሄዱ የምትሰሙት እሱኑ ነው።

ኮራሌ ላይ የማላውቀው ነገር ሲሄድ አየሁ። ልግደለው?

ቆዩ። መጀመሪያ ፎቶ አንሱት። በባትሪ ሌሊት ከምታዩት ውስጥ አብዛኛው ምንም ጥፋት የለበትም። እንደ ቁንጫ የሚዘሉት አምፊፖዶች ናቸው፤ ነጠብጣብ የሚያካክሉት ደግሞ ኮፔፖዶች። ሁለቱም ለዓሣዎቻችሁ ምግብ ናቸው። መስታወቱ ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን ነጭ ኮከቦች፣ አስቴሪናዎቹ፣ በአብዛኛው አልጌ ነው የሚበሉት።

በጣም የሚበደለው ብሪስል ወርም ነው። ፀጉራም ትል ስለሆነ ያስፈራል። ሥራው ግን የተረፈ ምግብና የሞተ ነገር ማንሳት ነው። ሰው እየሞተ ያለ ኮራል ላይ ያገኘውና «ይሄ ነው የገደለብኝ» ይላል። ትሉ የመጣው ኮራሉ መሞት ስለጀመረ ነው። በባዶ እጅ ብቻ አትንኩት። ፀጉሩ ከተሰካባችሁ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስትነቅሉት አብሮ ይወጣል። ከዚህ ቤተሰብ በእርግጥ ኮራል የሚበላ አለ፤ ሄርሞዲስ የሚባለው ፋየር ወርም ነው። እሱን ካገኛችሁ በወረንጦ አውጡት።

ኮራሌ ቀለሙ እየጠፋ ነው። ውሃው ነው ወይስ ተባይ?

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መለያውም ቀላል ነው። ውሃ ሲበላሽ ብዙ ዓይነት ኮራል አንድ ላይ ይጎዳል። ተባይ ግን መራጭ ነው። አክሮፖራ፣ ሞንቲፖራና ዞአ የኮራል ዓይነቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ተባይ አላቸው። የአክሮፖራ ትል አክሮፖራ ላይ ነው የሚኖረው። የሞንቲፖራ ኑዲብራንች (ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ) ሞንቲፖራን ነው የሚበላው። የዞአው ደግሞ ዞአን። ስለዚህ አክሮፖራዎቻችሁ ብቻ ሲገረጡ አጠገባቸው ያለው ሌላው ሁሉ አብቦ ካያችሁ ተባይ ጠርጥሩ።

ያም ሆኖ መጀመሪያ ውሃውን ለኩ። የጨው መጠን 35 ፒፒቲ አካባቢ፣ ሙቀት ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ሰሞኑን ከፍ ዝቅ ብሎ እንደሆነ እዩ። መለኪያው ደህና ከሆነ ውሃውን መነካካት አቁሙና ኮራሉን አውጥታችሁ ገልብጡት።

አክሮፖራዬ ከሥሩ ጀምሮ እየገረጣ ነው፤ ክብ ክብ ነጠብጣብም አለው።

እንዲህ ከሆነ አክሮፖራ የሚበላው ጠፍጣፋው ትል ሊሆን ይችላል። በእኔ እምነት ቤታችን ከሚገቡት ተባዮች ሁሉ ይሄን የሚያህል የለም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ትሉ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ ያውም አኳሪየም ውስጥ ከተገኙ ትሎች። አማኩሳፕላና አክሮፖሬ ተባለ፤ አሁን ፕሮስቲዮስቶመም በሚባለው ወገን ተመድቧል። ባሕር ውስጥ መገኘቱ የተዘገበው በዓመቱ በ2012 ነው፤ አውስትራሊያ፣ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ፣ ሊዛርድ ደሴት አጠገብ። እኛ ሰዎች ሳናውቀው ከቤት ቤት ስናዞረው ኖረናል ማለት ነው።

ለማየት ያስቸግራል። ሰውነቱ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ደግሞ የበላው የኮራሉ ሥጋ ራሱ ነው። ስለዚህ ቀለሙ የኮራሉን ቀለም ይመስላል። ቅርንጫፉ ላይ ተለጥፎ ሲተኛ ዓይናችሁ ያልፈዋል።

የእኔ የመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ነበር። ጫፏ ሰማያዊ የሆነች ትንሽ የአክሮፖራ ፍራግ (ለማሳደግ የተቆረጠ ቅርንጫፍ) ከአንድ ሰው ገዛሁ። በጣም ታምራለች። ቸኩዬ እንዲሁ አስገባኋት። በሦስተኛው ወር አካባቢ ከሥሯ መገርጣት ጀመረች። ውሃው ነው ብዬ በየቀኑ አልካሊኒቲ ስለካ ሁለት ሳምንት አቃጠልኩ። በመጨረሻ አውጥቼ ነጭ ሳህን ውስጥ አስቀመጥኳትና በመንፊያ ቱቦ ውሃ ረጨሁባት። ምንም የለም። መድኃኒት ውስጥ ነክሬ ደግሜ ስረጭባት ግን እንደ ቀይ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ ያለ ነገር ከቅርንጫፎቿ ሥር እየተላቀቀ ሳህኑ ላይ ተኛ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ገልብጬ በአጉሊ መነጽር ሳያት ሥጋዋ ካለቀበት ጠርዝ ላይ፣ ራቁቱን በቀረው አጽም ላይ፣ ቀይ ጤፍ የተለጠፈ የሚመስል ነገር አለ። እንቁላል ነው።

ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው። ትሉን ዲፕ (ኮራሉ የሚነከርበት መድኃኒት) ይጥለዋል። እንቁላሉን ግን አይነካውም፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ በአንዱ ቅርፊት ውስጥም ከአንድ በላይ ሽል አለ። ዛሬ ነክራችሁ ንጹሕ ነው ብላችሁ ከመለሳችሁት ከሳምንታት በኋላ አዲስ ትውልድ ይፈለፈላል። ውሃው ሞቅ ሲል ይፈጥናል፣ ቀዝቀዝ ሲል ይዘገያል።

ስለዚህ ሥራው እንዲህ ነው። የታመመውን ብቻ ሳይሆን ያሏችሁን አክሮፖራዎች በሙሉ አውጡ። ሥጋ የሌለበትን የታች አጽም ቁረጡና ጣሉ፤ እንቁላሉ የሚለጠፈው እዚያ ነው። የቀረውን ንጹሕ መቆሚያ ላይ በሱፐር ግሉ አጣብቁ። ከዚያ በየሳምንቱ ንከሩ፣ በየጊዜውም በወረንጦ ጫፍ እንቁላል ፈልጋችሁ ፍቁ። ስድስት ሳምንት ዝቅተኛው ነው። ድንጋይ ላይ የተጣበቀና የማይነቀል ኮራል ካለ ጤነኛ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ አድኑ፤ ጉቶው ገንዳው ውስጥ ካለ ግን የምትነክሩት በከንቱ ነው። የሚያሳዝን ውሳኔ ነው፣ አውቃለሁ።

ዲፕ እንዴት ነው የሚደረገው?

ሁለት ነጭ ሳህን ወይም ባልዲ አዘጋጁ። ነጭ መሆኑ ይጠቅማል፤ የወደቀውን ታያላችሁ። ሁለቱም ላይ የገንዳችሁን ውሃ ሙሉ፤ ሙቀቱና ጨውነቱ አንድ እንዲሆን። በአንዱ ላይ መድኃኒቱን ጠርሙሱ በሚለው መጠን ጨምሩ። ጓንት አድርጉ።

ኮራሉን አስገብታችሁ ጠርሙሱ የሚለውን ያህል፣ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ፣ ጠብቁ። ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ጫፉ ላይ የሚጨመቅ ጎማ ያለው ቱቦ፣ ቱርክ ቤስተር የሚሉት፣ ይዛችሁ ከየአቅጣጫው ውሃ ርጩበት። ግማሹን ሥራ የሚሠራው መድኃኒቱ ነው፤ ግማሹን የሚሠራው ይሄ የውሃ ግፊት ነው። ከዚያ በሁለተኛው ሳህን ውሃ አለቅልቁ።

አሁን ሳህኑን እዩ። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል። የወደቀው ነገር ኮራሉ ላይ ምን እንዳለ ይነግራችኋል። አይታችሁ ከጨረሳችሁ ውሃውን ድፉት፤ ወደ ገንዳው አትመልሱ።

ፍራጉ የመጣበትን የሴራሚክ መቆሚያ እኔ ሁልጊዜ እጥለዋለሁ። ዋጋው ሳንቲም ነው። ስንጥቁና ጀርባው ግን የእንቁላልና የአይፕታዝያ (እንደ አረም የሚራባ አበባ መሰል የባሕር እንስሳ) መደበቂያ ነው።

የትኛውን መድኃኒት ልጠቀም?

ለኮራል ተብሎ የተሠራ ማንኛውም የታወቀ ዲፕ ትልን ለማራገፍ ይሠራል። አዮዲን በተለይ የተቆረጠና የቆሰለ ኮራልን ለማጽዳት ጥሩ ነው፤ ለተባይ ግን ደካማ ነው። ኢሚዳክሎፕሪድ ያለበትን የጓሮ ፀረ ነፍሳት የሚጠቀሙ አሉ፤ ተባዩን እንደሚጥል እውነት ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ግን አይደለም፤ በደንብ ካልታጠበ ደግሞ ሽሪምፖችን ይፈጃል። ልጆች ያሉበት ቤት ስለሆነ እኔ ቤቴ አላስገባውም።

ገንዳው ውስጥ በቀጥታ ዲፕ አታፍስሱ። መዳብ ያለበትን የዓሣ መድኃኒትም እንደዚሁ፤ መዳብ ለኮራልም ለሽሪምፕም ለቀንድ አውጣም መርዝ ነው።

ሬድ በግ (red bug፣ ቀይ ተባይ) የሚባለውስ?

ይሄኛው አክሮፖራን የሚጎዳ ኮፔፖድ ነው፤ ቴጋስቴስ አክሮፖራነስ ይባላል። ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ናት፤ ቢጫ ሆና ቀይ ነጥብ አላት። አክሮፖራው ፖሊፑን (ላዩ ላይ የሚዘረጉትን ጥቃቅን አበባ መሰል አካሎች) አላወጣ ሲል፣ ቀለሙም ሲፈዝ በአጉሊ መነጽር ፈልጓት። የሚገድላት ሚልቤማይሲን ኦክሲም ነው፤ ለውሻ የልብ ትል የሚሰጠው መድኃኒት። እዚህ አሜሪካ የእንስሳት ሐኪም ካላዘዘው አይገኝም። ሽሪምፕና ሸርጣንንም ይገድላል፤ ከመጠቀማችሁ በፊት እነሱን ወደ ሌላ ውሃ አውጡ።

ሞንቲፖራዬና ዞአዎቼ እየተበሉ ነው።

ሁለቱን የሚበሉት ኑዲብራንች ናቸው፤ ዛጎል የሌላቸው ቀንድ አውጣዎች። የሞንቲፖራው ነጭ ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል፤ ጀርባው ላይ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተንጠለጠለ ነገር አለው። ከኮራሉ ሥር በጥላው በኩል ይቀመጣል። የዞአው ደግሞ የበላውን ዞአ ቀለም ይይዛል፤ ዝግ ብሎ የቀረ ዞአ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ዞአዎቻችሁ ያለ ምክንያት ቀናት ሙሉ ከተዘጉ ሌሊት በባትሪ ፈልጉ። ያኔ ባለ ጥቁርና ነጭ ነጥብ ጠመዝማዛ ቀንድ አውጣ ካገኛችሁ ሰንዲያል ነው፤ እሱም ዞአ በሊታ ነው፣ በእጅ ይለቀማል።

እዚህም ዲፕ እንቁላሉን አይገድለውም። የኑዲብራንቹ እንቁላል ግን ከጠፍጣፋው ትል ፈጥኖ ስለሚፈለፈል ከአራት አምስት ቀን በላይ ሳትቆዩ ደጋግማችሁ ንከሩ። እንቁላሉን በጥርስ ብሩሽ ጥረጉ።

አይፕታዝያ ተቆጣጠረኝ። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ምን እንደማታደርጉ ልንገራችሁ። አትንቀሉት፣ አትቁረጡት፣ አትጨፍልቁት። አይፕታዝያ ከእግሩ የቀረች ቁራጭ ሥጋ ሌላ አይፕታዝያ ትሆናለች። ባለቤቴ አንዴ ልትረዳኝ ብላ በወረንጦ አንዱን ጎትታ በጠሰችው። በሚቀጥለው ወር በዚያው ቦታ ስድስት ነበሩ።

ጥቂት ከሆኑ በስሪንጅ ነው። ካልሺየም ሃይድሮክሳይድን፣ ካልክቫሰር የሚሉትን፣ በትንሽ ውሃ እንደ ወፍራም አጥሚት አቡኩት። ፓምፑን አጥፉ። መርፌ በሌለው ስሪንጅ ቀስ ብላችሁ ቅረቡና አፉን ሸፍኑት። ደንግጦ ወደ ጉድጓዱ ከመግባቱ በፊት መድረስ አለባችሁ፤ እጃችሁ ጥላ አይጣልበት። በአንድ ቀን ሃያና ሠላሳ አትምቱ፤ የውሃው ፒኤች ይዘላል። በቀን አራት አምስት ይበቃል። ለዚሁ ተብለው በጠርሙስ የሚሸጡም አሉ፣ አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው።

ብዙ ከሆኑ በርጊያ ግዙ። በርጊያ ትንሽ ኑዲብራንች ናት፤ ከአይፕታዝያ ሌላ የምትበላው የለም። የምትሠራው ሌሊት ነው፤ ለወራት ምንም የማታደርግ ይመስላችኋል። ከዚያ አንድ ቀን ገንዳው ጸድቶ ታዩታላችሁ። አይፕታዝያው ሲያልቅ ትራባለች፤ ያኔ ለሚፈልግ ጓደኛ አሻግሯት። ዓሣ ወይም ሽሪምፕ እንዳይበላት ግን መጀመሪያ ያላችሁን እዩ። ፔፐርሚንት ሽሪምፕም አይፕታዝያ ይበላል፤ ግን አንዱ ይበላል፣ አንዱ ዞር ብሎ አያይም። ኮፐርባንድ ዓሣ ቆንጆ ነው፤ ምግብ አልበላም ብሎ የሚሞተው ብዙ ስለሆነ አይፕታዝያ ለማስበላት ብቻ አትግዙት።

አሸዋው ላይ ቀይ ቀይ ትል በዝቷል።

ባለ ሦስት ጭራው ቀይ ትል ኮራል አይበላም፤ ላዩ ላይ ተነጥፎ ብርሃን ይጋርድበታል። አደጋው ሲሞት ነው፤ በብዛት ሲሞት ውሃ ውስጥ መርዝ ይለቃል፣ ዓሣ ይገድላል። ስለዚህ መድኃኒት ከመጨመራችሁ በፊት በቀጭን ቱቦ የምትችሉትን ሁሉ ስባችሁ አውጡ። አዲስ ካርቦን (ውሃ የሚያጣራ ከሰል) እና የተዘጋጀ የጨው ውሃ አጠገባችሁ ሳይኖር አትጀምሩ።

ድር የሚያደርገው ጠንካራ ቱቦስ?

ቨርሜቲድ ቀንድ አውጣ ነው። ድንጋይ ላይ ቱቦ ሠርቶ ይቀመጥና እንደ ሸረሪት ድር ያለ ንፍጥ ይዘረጋል፤ ምግብ ያጠምድበታል። ድሩ ኮራሉ ላይ ሲያርፍ ኮራሉ ይሸሸጋል፣ እድገቱም ይጎተታል። ቱቦውን ከሥሩ ስበሩት፣ ወይም አፉን በሱፐር ግሉ ድፈኑት። ምግብ ማብዛትም ያበዛዋል።

ዓሣ ይህን ሁሉ አይሠራልኝም?

ያግዛል። ሲክስላይን ራስ (wrasse) እና ቢጫው ኮሪስ የሚባሉት ዓሣዎች ትል ሲለቅሙ ይውላሉ። ሲክስላይን እኛ ሰፈር የሚገኝ ዓሣ ነው፤ ቀይ ባሕር ውስጥም ይኖራል። ይሄን ሳስብ ገንዳዬ ውስጥ ሲመላለስ ትንሽ ደስ ይለኛል። ጠበኛ ግን ነው፤ አዲስ የሚገባ ትንሽ ዓሣ ያሳድዳል። ዓሣ የሚያየውን ትል ይበላል። ከቅርንጫፍ ሥር የተደበቀውንና የተለጠፈውን እንቁላል ያወጣልኛል ብላችሁ ግን አትመኑ።

ዞአ ስይዝ ጓንት የግድ ነው?

የግድ ነው። መነጽርም። አንዳንድ ዞአዎች፣ በተለይ ፓሊቶአ የሚባሉት፣ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው፤ ማርከሻ የለውም። ድንጋዩን ለማጽዳት ብላችሁ በፍጹም አትቀቅሉት፤ ፈላ ውሃም አታፍሱበት፤ መርዙ በእንፋሎት ወደ ሳንባ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ ውስጥ፣ ኦክስፎርድሽር ስቲቨንተን በምትባል መንደር፣ ከቤት አኳሪየም ኮራል ሲወጣ መርዙ ተለቆ ቤተሰቡም፣ ለእርዳታ የመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሆስፒታል ገብተዋል። ከነካካችሁ በኋላ ትኩሳት፣ የደረት መጨነቅ ወይም አፍ ላይ የብረት ጣዕም ከመጣ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ኮራል መንካታችሁንም ንገሯቸው፤ ካልነገራችኋቸው ማንም አይጠረጥርም።

የለይቶ ማቆያ ገንዳ ያስፈልገኛል?

አክሮፖራ የምታሳድጉ ከሆነ አዎ። ውድ ነገር አይደለም፦ አርባ ሊትር ገንዳ፣ ማሞቂያ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ ደህና መብራት። ድንጋይና አሸዋ አያስፈልግም፤ ባዶ ሲሆን የወደቀው ሁሉ ይታያል። አዲስ የመጣ ሁሉ እዚያ ስድስት ሳምንት ይቆይ፤ በየሳምንቱ ይነከር፣ ይገልበጥ፣ ይታይ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ቦታ የሌላችሁ ቢያንስ መቆሚያውን ቀይሩ፣ ሥሩን በአጉሊ መነጽር እዩ፣ ነክራችሁ አስገቡ።

መጥፋቱን በምን አውቃለሁ?

በቀን ቆጠራ። ተባይ ያያችሁበት የመጨረሻው ቀን ከየት እንደምትቆጥሩ ይነግራችኋል። እኔ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍኩት ካላንደር ነበረኝ፤ ነክሬ ሳህኑ ንጹሕ በሆነ ቁጥር ክብ አደርጋለሁ። የዚያች ሰማያዊ አክሮፖራ ነገር በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ንጹሕ ነበር። ስድስተኛው ላይ ላቆም ስዘጋጅ አንዲት ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ትል ሳህኑ ላይ ወደቀች። ካላንደሩን ነቅዬ አዲስ ለጠፍኩ፣ ከአንድ ጀመርኩ።